ሦስት መቶ ችግኝ የሞተበት ምሽት

ፋንቱ ጋምቤላ በገባች ቀን የሠራችው የመጀመሪያ ሥራ እሳት ማጥፋት ነው። አሥር ዓመቷ ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከወሎ ከተነሡት ቤተሰቦች ጋር ከጭነት መኪና ላይ ስትወርድ፣ የሰፈራ ጣቢያው በር ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ ሲነድ አየች። ወሩ ግንቦት ነው። ዛፉ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ፣ ቅጠሉ እምብዛም ሳይታይ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀልቷል። ፋንቱ ባደገችበት አገር የምታውቀው ረጅም ዛፍ ባሕር ዛፍ ብቻ ነው፤ እሱ ደግሞ የሚቀላው ምድጃ ሲገባ ነው። "ኧረ ተቃጠለ! የሰው ያለህ!" ብላ ጮኸች። መጮህ ብቻ አልበቃትም፤ ለአራት ቤተሰብ ተሰፍሮ የተቀመጠውን የባልዲ ውሃ አንስታ ግንዱ ላይ ቸለሰችው።

እናቷ ያን ቀን የገረፈቻትን ግርፊያ ፋንቱ ዛሬም እየሳቀች ትተርከዋለች። "እሳት አጥፊዋ" የሚለው ስምም ከዚያ ወዲህ ተጣብቆባት ቀረ። ጥፋቱ ግን የእሷ ብቻ አልነበረም። ሰፈራውን ያዘጋጁት ሰዎች በበተኑት ወረቀት ላይ "ለም መሬት፣ የማይነጥፍ ወንዝ፣ ብሩህ ተስፋ" ብለው ጽፈዋል፤ ስለ ወባውና ስለ ሙቀቱ የሚጽፉበት ቦታ አጥሯቸው ይመስላል፣ ዘለሉት። ዛፍ ሳይቃጠል ቀልቶ ሊቆም እንደሚችልም ለሰፊው ሕዝብ ግንዛቤ አላስጨበጡም።

ዛፉ የድሬዳዋ ዛፍ ይባላል። የድሬዳዋ ይባል እንጂ ዘሩ ከማዳጋስካር ደሴት ነው የመጣው፤ ባሕር አቋርጦ፣ አገር ለአገር ዞሮ ጋምቤላ ሲደርስ ግን መታወቂያ የጠየቀው የለም። እንዲህ ያለ ዕድል ለሰው ብዙም አይገጥም።

አሁን ፋንቱ ሃምሳ ሞልቷታል። አቦቦ በሚባለው የሰፈራ መንደር በቆሎ ስትኮተኩት አድጋ እዚያው አገባች። ባሏ "ዲማ ወርቅ ቆፍሬ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ወርቁ በጣም ጥልቅ ሳይሆን አይቀርም፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እየቆፈረ ነው። እሷም ጠብቃ ጠብቃ ሲሰለቻት ወደ ጋምቤላ ከተማ ገባችና ባሮ ዳር ካለው ችግኝ ጣቢያ ተቀጠረች። ጣቢያውን የሚያስተዳድረው ስሙ በሙሉ ሲጻፍ ሁለት መስመር የሚፈጅ ጽሕፈት ቤት ነው፤ ሰው ስለሚደክመው "ቢሮው" ብሎ ያልፈዋል።

እዚያ ጣቢያ ውስጥ ማንጎም ኒምም ታፈላለች፤ ልቧ ያለው ግን የድሬዳዋው ዛፍ ላይ ነው። ክንድ የሚያህል፣ የሰይፍ ሰገባ የሚመስል ጥቁር ፍሬውን በበጋ እየዞረች ትለቅማለች። ውስጡ ያለው ዘር እንደ ጠጠር የጠነከረ ነው። ዝም ብሎ ቢዘሩት ዓመቱን ሙሉ አፈር ውስጥ ተኮራምቶ ይቀመጣል። ስለዚህ እያንዳንዱን ዘር ጫፉን በድንጋይ ትፈትገዋለች፣ በሞቀ ውሃ ታሳድረዋለች፣ ጠዋት አብጦ ስታገኘው "ተነሣህ አንተ ሰነፍ?" ትለዋለች። ዘንድሮ በዚህ መንገድ ሦስት መቶ ችግኝ አደረሰች። ቁመታቸው ጉልበቷ ጋ ደርሷል።

ሦስት መቶው የተፈሉት በዓላማ ነው። ከአደባባዩ እስከ ባሮ ድልድይ ያለው መንገድ ጥላ የሚባል አያውቅም፤ በቀትር የሚያልፍበት ሰው አንገቱን ቀብሮ ነው የሚሮጠው። ፋንቱ አንድ ቀን አብሯት ለሚሠራው ለኦቻላ እንዲህ አለችው፦

"ከመሞቴ በፊት አንድ ነገር ነው የምፈልገው። አንድ እንግዳ እዚህ መንገድ ላይ ከመኪና ይውረድና 'ተቃጠለ!' ብሎ ይጩህ።"

"ከዚያ ውሃ ይደፋል?" አለ ኦቻላ።

"ይድፋ! ውሃው የራሱ ከሆነ።"

ኦቻላ ችግኝ የሚያጠጣ፣ ጣቢያውንም የሚጠብቅ ረጅም አኙዋክ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌም ነው፤ በጸሎቱ ርዝመት የታወቀ። እሑድ እሑድ የመዝጊያውን ጸሎት እንዳይሰጡት ምእመናኑ ቀድመው ፓስተሩን ይለምናሉ፤ የቤታቸው ምሳ ይበርዳላ።

በዚህ መካከል ቢሮው "ቀይ ጎዳና" የሚል ፕሮጀክት ይዞ ብቅ አለ። መንገዱ በቀይ አበባ ይዋባል፣ ባለድርሻ አካላት ይረባረባሉ፣ አቅጣጫም ተቀምጧል ተባለ። አቅጣጫው ሲቀመጥ ችግኙን ያፈላችውን ሴት ማንም አልጠየቃትም፤ ይሁን እንጂ ፋንቱ አልተቀየመችም። መንገዱም መንገዷ፣ ችግኞቹም ችግኞቿ ናቸው። ባነር ታተመ፤ አደባባዩ ላይ ተሰቀለ። ከዚያም ፕሮጀክቱን የሚመራ ባለሙያ ከመሀል አገር ተዛውሮ መጣ።

ስሙ ወንዶሰን ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል፤ ጥሩ ጫማ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ የዛፍ ፎቶ ሲያነሡበት የዛፉን ስም የሚናገር ስልክ አለው። ጀርባው ላይ ያለው ቦርሳ ደግሞ ብሮሹር ሞልቶታል። ረቡዕ ጠዋት ጣቢያው በር ላይ ደርሶ ቀና አለና ቀይ አበባ ያንጠለጠለ ዛፍ አየ።

"እናቴ፣ የድሬዳዋ ዛፍ ማለት ይሄ ነው አይደል?"

"አይደለም ጌታዬ፣ ይሄ የጫካ ነበልባል ነው" አለች ፋንቱ። "አበባውን አላዩትም? ጽዋ መስሎ አፉን ወደ ሰማይ ከፍቷል። የድሬዳዋው አበባ አምስት የአበባ ቅጠል አለው፤ አራቱ ቀይ ናቸው፣ አንደኛው ነጣ ብሎ ቀይ የተረጨበት ይመስላል።"

"ባነሩ ላይ ያለው ግን የዚህ ፎቶ ነው።"

"እንግዲያው ባነሩ ተሳስቷል።"

"ባነሩ አልፏል፣ እናቴ። ጸድቆ ነው የታተመው።"

ፋንቱ ሰውን "እርስዎ" የምትለው ስታከብር ወይም ስታሾፍ ነው። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚያውቀው ኦቻላ ብቻ ነው፤ እሱም ወዲያው የውሃ ጎማውን ይዞ ዘወር አለ። ፋንቱ ከዛፉ ላይ አንድ ያልፈነዳ እምቡጥ ቀነጠሰች። ጣት የሚያህል፣ ቆልመም ያለ ነገር ነው።

"ባለሙያ አይደሉ እርስዎ? ለመለየት ይጠቅመዎታል። ጫፉን ወደ ፊትዎ አዙረው ጫን ያድርጉት። ቀስ ብለው አይደለም፤ በደንብ።"

ወንዶሰን በደንብ ተጫነው። የጫካ ነበልባል እምቡጥ ሆዱ ውሃ ነው። የጋምቤላ ልጆች ትምህርት ቤት ሲሄዱ በእሱ ነው የሚዋጉት። ውሃው ፍጭጭ ብሎ ግራ ዓይኑን አገኘው፤ የተረፈው ነጭ ሸሚዙ ላይ ሰፈረ። ከማንጎ ችግኞቹ ኋላ አንድ ረጅም ሰው ጎንበስ ብሎ ሲንቀጠቀጥ ይታያል።

"አሁን ለዩት?" አለች ፋንቱ። "የድሬዳዋ ዛፍ አይተፋም።"

ወንዶሰን ክፉ ሰው አይደለም። ሆኖም ዓይኑን እየጠረገ የሚስቅ ዓይነት ሰውም አይደለም። ሸሚዙን አራገፈና ስልኩን አውጥቶ ወደ ሦስት መቶው ችግኝ ሄደ። የአንዷን ቅጠል ፎቶ አነሣ። ስልኩ ጥቂት አሰበ፤ ከዚያ "ጃካራንዳ፣ ስድሳ አንድ በመቶ" አለ።

"ጃካራንዳ ነው!" አለ ወንዶሰን።

ፋንቱ መጀመሪያ ሳቀች። "ጌታዬ፣ ቅጠላቸው ይመሳሰላል፣ እውነትዎን ነው። ሁለቱም እንደ ላባ ናቸው። ግን ይዳስሱት። የጃካራንዳ ትንንሿ ቅጠል ጫፏ ሾል ያለ ነው፤ የዚህ ድፍን ክብ ነው።"

"እናቴ፣ መዳሰስ ሳይንስ አይደለም።"

"ዘሩን በእጄ ፈትጌ ነው የዘራሁት! የጃካራንዳ ዘር እንደ ወረቀት ነው፣ እፍ ቢሉት ይሄዳል። ምኑን እፈትገዋለሁ?"

"ጃካራንዳ የሚያብበው ወይን ጠጅ ነው። ባነሩ የሚለው ቀይ ጎዳና ነው። ሦስት መቶውም ይወገዳል፤ ማረጋገጫ ያለው ችግኝ ከአዲስ አበባ ይመጣል።"

"አንተ ልጅ" አለች ፋንቱ፤ እርስዎነቱ የት እንደገባ አልታወቀም። "ይወገዳል ነው ያልከው?"

ነገሩ ወደ ቢሮው ኃላፊ ወደ ወይዘሮ አጅዋንግ ደረሰ። ወይዘሮ አጅዋንግ የጋምቤላ ተወላጅ፣ ቃሏ አጭር፣ ትዕግሥቷ ከቃሏ ያጠረ ሴት ናት። ሁለቱንም አዳመጠችና "አጣራና ሪፖርት ጻፍ" አለችው ወንዶሰንን። "ሪፖርት ሳላይ አንድ ችግኝ አይነካም። ካየሁ በኋላ እወስናለሁ።"

ወንዶሰን ዓርብ ከሰዓት ዘጠኝ ሰዓት ላይ መጥቼ አጣራለሁ አለ። ይህን ጊዜ ፋንቱ አንድ ነገር ብልጭ አለላት፤ ድምፅዋም ማር ሆነ።

"በዘጠኝ ሰዓት? ኧረ እንዳይሉት! የጋምቤላን ፀሐይ አልለመዱትም እኮ። ቢሮ እንኳ በዚያ ሰዓት በሩ ይከፈታል እንጂ ሰው አይገኝበትም። ጀምበር ስትገባ ይምጡ። ባሮ ነፋሱን ይልካል፣ እርስዎም በተረጋጋ መንፈስ ያጣራሉ።"

ወንዶሰን እርቅ የወረደ መስሎት አመሰገናት። ሲሄድ ኦቻላ ተጠጋት።

"ፋንቱ፣ ጀምበር ስትገባ ይተኛሉ እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ?"

"ይያቸዋ! ጃካራንዳ አትተኛም። የድሬዳዋ ዛፍ ግን ሲመሽ ቅጠሉን አጥፎ ይተኛል። በዓይኑ ሲያይ ያምናል።"

"ካላወቀስ?"

"አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተምሮ? አብሽር፣ ያውቃል።"

ኦቻላ የአራት ዓመት ትምህርት ላይ ያለው እምነት ከፋንቱ ያነሰ ነበር፤ ቢሆንም ወደ ውሃ ጎማው ተመለሰ።

ዓርብ አንድ ሰዓት ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ወንዶሰን መጣ። ፀሐይዋ ከባሮ ማዶ ገብታ አልቃለች። ሦስት መቶው ችግኝም የዕለት ሥራውን ጨርሷል፦ ትንንሾቹ ቅጠሎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ፊት ለፊት ተጣጥፈዋል፣ ዘንጎቹ ወደ ታች ዘንበል ብለዋል። ለማያውቃቸው ሰው ከላይ እስከ ታች የጠወለገ ነገር ነው። ወንዶሰን የእጅ ባትሪውን አበራ። አንደኛውን መደብ አየ፣ ሁለተኛውን አየ፣ ወደ ሦስተኛው ሮጠ።

"ሞተዋል!" አለ። "እናቴ፣ ሁሉም ሞተዋል!"

እዚህ ላይ ፋንቱ እውነቱን ብትናገር ኖሮ ነገሩ በአምስት ደቂቃ ያልቅ ነበር። ግን አፏ ከልቧ አይታዘዝም። ነጠላዋን ራሷ ላይ ጣል አደረገችና "ወይኔ! ወይኔ ልጆቼን!" ብላ አንዲት ዙር አለቀሰች። ጥሩ ልቅሶ ነበር። ኦቻላ እንኳ "ጌታ ያጽናሽ" አለ፣ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ በየምሽቱ ሲተኙ ሲያይ የኖረው ሰው።

ወንዶሰን አልሳቀም፤ ስልኩን አነሣ። ሁለቱ ቀልደኞች እርስ በርስ እስኪተያዩ ድረስ ፎቶውን ለወይዘሮ አጅዋንግ ልኮ ጨረሰ።

"ድንገተኛ በሽታ ሳይሆን አይቀርም" ይላል በስልክ። "ወደ ማንጎው ሳይዛመት ዛሬ ነገ ሳይባል መወገድ አለበት… አዎ፣ ሦስት መቶውም… ነገ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ይምጣ።"

ነጠላው ከፋንቱ ራስ ላይ ወረደ።

"ኧረ ልጄ፣ አልሞቱም። ተኝተው ነው።"

"እናቴ፣ ሐዘኑ ይገባኛል።"

"ተኝተው ነው እልሃለሁ! ሲመሽ ይተኛሉ፣ ሲነጋ ይነሣሉ።"

"ዕፅዋት አልጋ የላቸውም፣ እናቴ።"

"ቅድም ያለቀስኩት ለቀልድ ነው!"

"ሰው ሲደነግጥ እንዲህ ይላል" አለ ወንዶሰን፤ ትከሻዋንም መታ መታ አደረገላት። ከዚያ እዚያው የተገለበጠ ባልዲ ላይ ተቀምጦ በባትሪው ብርሃን ሪፖርቱን ጻፈ፦ "ዛሬ ዓርብ ምሽት 12፡55 ላይ በተደረገ የመስክ ምልከታ፣ ብዛታቸው 300 የሆኑ ችግኞች ቅጠላቸውን ሙሉ በሙሉ አጥፈው፣ ዘንጋቸውም ወደ ታች ዘንበል ብሎ የተገኙ ሲሆን፣ ሕይወታቸው ማለፉ በባለሙያ ተረጋግጧል።" ፈረመበትና ሄደ።

ፋንቱ ወይዘሮ አጅዋንግ ዘንድ ደወለች። ገና አፏን ስትከፍት ወይዘሮ አጅዋንግ ቀደመቻት፦ "ፎቶውን አየሁት፣ ፋንቱ። አይዞሽ፣ ጠንክሪ። ጠዋት እኔም እመጣለሁ።" ስልኩ ተዘጋ።

ፋንቱ በዕድሜዋ ብዙ ሰው ላይ አሹፋለች። ሹፈቷ ተመልሶ የራሷን ልጆች ሲወስድባት ግን የመጀመሪያዋ ነው። ባልዲው ላይ ተቀመጠችና እውነተኛ ልቅሶ መጣባት፤ ይሄኛው ድምፅ አልነበረውም።

"ስንት ሰዓት ይነሣሉ?" አለ ኦቻላ።

"ፀሐይ ስትወጣ። አሥራ ሁለት ተኩል… ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።"

"ትራክተር አሥራ ሁለት ይመጣል።"

"አዎ።"

"ኦኬ" አለ ኦቻላ። "ሠላሳ ደቂቃ ብዙ አይደለም። እኔ ሠላሳ ደቂቃ አውቃለሁ።"

በማግስቱ ንጋት ልክ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ትራክተሩ ተጎታቹን እየጎተተ ደረሰ። በዚህ አገር በሰዓቱ የደረሰ ትራክተር ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም። የሚነዳው ስቴፈን የሚባል፣ ግንባሩ ላይ እንደ ኑዌር ወግ የተበጣ መስመር ያለው ግዙፍ ሰው ነው። ወንዶሰን ጓንትና የአፍ መሸፈኛ አድርጎ ወረደ። ሰማዩ ገና ግራጫ ነው፤ ሦስት መቶው ችግኝ በጥልቅ እንቅልፍ ላይ ነው። ስቴፈን ሁለት ችግኝ ብድግ አደረገ።

"ወንድሜ ስቴፈን" አለ ኦቻላ፤ ቆቡን ከራሱ አወለቀ። "ሳይጸለይ የሚቀበር ነገር አለ?"

ስቴፈን ችግኞቹን አየ፣ ኦቻላን አየ። "የለም" አለና መልሶ አስቀመጣቸው።

"ችግኝ እኮ ነው!" አለ ወንዶሰን።

"እግዚአብሔር የፈጠረው አይደለም?" አለ ስቴፈን፤ የራሱንም ቆብ አወለቀ። ወንዶሰን ደግ ቤት ያደገ ልጅ ነው፤ ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ሲቆም ብቻውን አፍጥጦ መቆም አልሆነለትም። ባርኔጣውን አውልቆ ጎንበስ አለ።

ኦቻላ በአኙዋክኛ ቢጸልይ በሃያ ደቂቃ ይጨርስ ነበር። ስለዚህ በአማርኛ ጀመረ፤ በአማርኛ ሲሆን በየመካከሉ ቃል ለመፈለግ ይቆማል። ከፍጥረት ሦስተኛ ቀን ተነሣ፤ ሣርን አመሰገነ፣ ቡቃያን አመሰገነ፣ ፍሬ የሚያፈራውን እያንዳንዱን ዛፍ "እንደየወገኑ" እየጠራ አመሰገነ። ወገኑ ብዙ ነው። ወደ ኖኅ ሲሻገር ወንዶሰን ጉሮሮውን ጠራረገ። ኦቻላ ሰማው።

"ጌታ ሆይ፣ ወንድማችንን ወንዶሰንን ባርክ። ከሩቅ መጣ። እናቱን ባርክ። አባቱን ባርክ። ያን… ያን የትምህርት ቤቱን ባርክ። ስልኩን ባርክ። የስልኩን… ምንድን ነው… ባትሪ ባርክ።"

"አሜን" አለ ስቴፈን ከልቡ። ለራሱ የሚጸልይለትን ሰው ማቋረጥ የሚችል የለም፤ ወንዶሰንም አንገቱን መልሶ ደፋ።

ፋንቱ የጨፈነች መስላ አንድ ዓይኗን ከፍታለች። ዓይኗ ዳር ላይ ካለችው ችግኝ አልተነቀለም። ምንም የለም። ምሥራቁ ቢጫ ሆነ፣ ችግኟ እንደተኛች ናት። የወይዘሮ አጅዋንግ መኪና መጥቶ ቆመ፤ ወይዘሮ አጅዋንግ በሩን እንደከፈተች የኦቻላን ድምፅ ሰማች፣ እጇን አጣምራ አንገቷን ደፋች። ኦቻላ አብርሃምን ከዑር አስወጥቶ ከነዓን አደረሰ፤ ከዚያ ግብፅ ወሰደው፤ ከዚያ ደግሞ መለሰው። ላቡ ወርዷል።

ከዚያ የፀሐይዋ ጠርዝ ለችግኞቹ ጥላ በተሠራው ዳስ ሥር ገባ። ዳር ላይ ያለችው ችግኝ አንዲት ቅጠሏን ላላ አደረገች። ከእንቅልፉ የሚነቃ ሰው ጣቱን እንደሚዘረጋ፣ ተጣብቀው ያደሩት ጥንዶች ቀስ በቀስ ተላቀቁ። ቀጥሎ ጎረቤቷ። ቀጥሎ መደቡ በሙሉ። ፋንቱ ትንፋሿን ውጣ ጠበቀች፤ ሦስተኛው መደብ ላይ ሲደርስ ሁለት ጊዜ አሳለች።

"…አሜን" አለ ኦቻላ፤ ሙሴን ገና ከቅርጫቱ ሳያወጣው።

ሁሉም ዓይናቸውን ገለጡ። ሦስት መቶ ችግኝ፣ ላባ ላባ የሚመስል ቅጠሉን ግራና ቀኝ ዘርግቶ፣ ለምለም ሆኖ ፊታቸው ቆሟል።

"ሃሌሉያ!" ብሎ ስቴፈን ወደ ኋላ ዘለለ። "እኔ አልጭንም! ከሞት የተነሣ ነገር ትራክተር ላይ አልጭንም!"

ወንዶሰን የአፍ መሸፈኛውን አወረደ። ወይዘሮ አጅዋንግ ወደ አንደኛዋ ችግኝ ሄዳ ቅጠሏን በሁለት ጣቷ ያዘች።

"ፋንቱ፣ ይሄ ምንድን ነው?"

"የድሬዳዋ ዛፍ ነው፣ እመቤቴ። ሲመሽ ቅጠሉን አጥፎ ይተኛል፣ ሲነጋ ይዘረጋል። ጃካራንዳ ብትሆን ኖሮ ሌሊቱን እንዳፈጠጠች ነው የምታድረው።"

"ማስረጃ አለሽ?"

"እሱ ጽፎታል" አለች ፋንቱ፣ በአገጯ ወደ ወንዶሰን እያመለከተች። "ፈርሞበታልም።"

ወይዘሮ አጅዋንግ ሪፖርቱን ተቀብላ አነበበች። "ብሮሹር አለህ አይደል?" አለችው ወንዶሰንን። "ስለዚህ ዛፍ የሚናገረውን አውጣና አንብብልኝ።"

ወንዶሰን ቦርሳውን በርብሮ "የጌጥ ዛፎች መለያ" የሚል አወጣ። ገለጠ፣ ገለጠ፣ መጨረሻው ገጽ ላይ ደረሰ። ድምፁ ወረደ፦ "ቅጠሎቹ… በምሽት ይታጠፋሉ፤ ጎሕ ሲቀድ ይዘረጋሉ። ይህም በቅጠል ከሚመስሉት ዛፎች ለመለየት ይረዳል።"

"ከዚህ በፊት እስከ የት ነበር ያነበብከው?"

"ፎቶዎቹ እስካሉበት።"

ስቴፈን ፊቱን ወደ ትራክተሩ አዞረ፤ ትከሻው ይነቀነቃል። ወይዘሮ አጅዋንግ ግን ሳትስቅ ወደ ፋንቱ ዞረች።

"አንቺስ? ትናንት ለምን አልነገርሽውም?"

"ነግሬዋለሁ፣ እመቤቴ።"

"ከመንገርሽ በፊት ምን አደረግሽ?"

"አለቀስኩ።"

"ምን ያህል?"

ፋንቱ መሬት መሬት አየች። "ደህና አድርጌ።"

ወይዘሮ አጅዋንግ ብዕሯን አወጣች። ሪፖርቱን ትራክተሩ ኮፈን ላይ ዘርግታ ዳር ላይ መራችበት፦ "ሟቾቹ ነቅተዋል። ቅጠላቸውን አጥፈው ማደራቸው በባለሙያ ስለተረጋገጠ የድሬዳዋ ዛፍ መሆናቸው ታውቋል። ይተከሉ። ለልቅሶው ፋንቱ ሠላሳ ጉድጓድ፣ ለጸሎቱ ኦቻላ ሠላሳ ጉድጓድ፣ ለምርመራው ወንዶሰን ስድሳ ጉድጓድ ይቆፍሩ፤ የቀረውን ቢሮው ያስቆፍራል።"

ቆፈሩ። ወንዶሰን ስድሳውን ጉድጓድ በሦስት ቀን ሲጨርስ መዳፉ ተላጠ፤ ፋንቱ አምስቱን በስሙ ቆፍራለታለች፣ ለማንም አልነገረችም። ችግኞቹም ከአደባባዩ እስከ ድልድዩ በሁለት ረድፍ ተተከሉ። ለማበብ አምስት ዓመት፣ ምናልባትም ከዚያ በላይ ይፈልጋሉ። አደባባዩ ላይ ያለው ባነር የጫካ ነበልባልን ፎቶ እንደያዘ እስከዚያ አይደርስም፤ ፀሐይዋ አሁኑኑ ቀዩን ወደ ሮዝ ቀይራዋለች።

በሳምንቱ አንድ ምሽት ፋንቱ ከጣቢያው ስትወጣ ወንዶሰንን መንገድ ዳር አገኘችው። አንዲት ችግኝ ፊት ቁጢጥ ብሎ፣ ስልኩን ኪሱ ከትቶ፣ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲጣጠፉ ያያል። ሄዳ አጠገቡ ቆመች። የመጨረሻው ቅጠል እስኪዘጋ ድረስ አብረው አዩ።

"ደህና እደሩ ይባላሉ?" አለ በመጨረሻ።

"እኔ እላቸዋለሁ።"

"ደህና እደሩ" አለ ወንዶሰን ወደ ችግኟ።

ፋንቱ ነጠላዋ ውስጥ እጇን ሰደደችና አንድ ቆልመም ያለ እምቡጥ አወጣች። ሰጠችው። "ለመለየት ይጠቅመዎታል" አለች።

ወንዶሰን ተቀብሎ አገላብጦ አየው። ከዚያ ጫፉን በጥንቃቄ ወደ እሷ አዞረና ተጫነው። በደንብ ነው የተጫነው።